ብሩሽ ያልነካው የሰዓት ገጽ

አርማን ካላም የሥራ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ በቀኝ እጁ ብሩሽ እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ። ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት ተኩል። የስዊዘርላንዷ የሰዓት ሠሪዎች ከተማ ላ ሾ-ደ-ፎን በመጋቢት ወርም ቢሆን በረዶዋን ከጣሪያ ላይ በዋዛ የምታራግፍ አይደለችም። በሰፋፊዎቹ መስኮቶች የሚገባው ነጭ ብርሃን የሟቹን ሽበት፣ በመስመር የተደረደሩትን ወረንጦዎችና እስከ ግማሽ የታደሰ የአንድ የእጅ ሰዓት ገጽ ወለል አድርጎ ያሳይ ነበር።

ኢንስፔክተር ክሎቲልድ ማቲል አራቱን ፎቅ በእግሯ ወጥታ በሩ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ቁጣዋ ግን ገና አላረጀም። በሩ ላይ ባለው የናስ ሰሌዳ «አ. ካላም፣ የአሮጌ ሰዓት ገጽ እድሳት» የሚል ተቀርጿል፤ ከጽሑፉ ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ ዓሣ። ባሕር በሌለበት ተራራ ላይ፣ ለሰዓት አዳሽ ዓሣ ምኑ ነው ብላ አሰበችና ገባች።

«አደጋ ነው» አላት ዶክተር ፔላቶን፣ ሰላምታዋን እንኳ ሳይጠብቅ። የሃያ ዓመት የሥራ ጓደኛዋ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ሲበዛ ግን ችኩል ነው።

«ምን ዓይነት አደጋ?»

«ሳያናይድ። የብር ገጽ የሚያጠሩበት ጨው እዚያ ቁምሳጥን ውስጥ አለ፤ ቁልፉም ለማንም በሚታይ ቦታ ተንጠልጥሏል። ብሩሹን ሳያውቅ አስነክቶታል። ከዚያ እንደ ድሮዎቹ ሠራተኞች ጫፉን በከንፈሩ ሲያሾል፣ በቃ። የታች ከንፈሩን እዪው።»

ክሎቲልድ ጎንበስ ብላ አየች። ከንፈሩ ላይ እንደ ኖራ የነጣ የቀለም ጠብታ ደርቋል።

«በከንፈሩ ያሾላል ብሎ ማን ነገረህ?»

«እኔም አንቺም እዚሁ ነው ያደግነው። በዚህ ከተማ በከንፈሩ ሳያሾል የቀባ ማን አለ?»

በዚህስ አልተሳሳተም። ድሮ የሰዓት ገጽ በጨለማ እንዲያበራ የሚቀባው እንደ ዛሬው ጉዳት በሌለው ቀለም ሳይሆን ጨረር በሚረጨው ሬዲየም ነበር። የከተማው ሴቶች ቀለሙን ከየፋብሪካው እየተቀበሉ በየማድ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ፣ ልጅ በጭናቸው ታቅፈው፣ የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ቀብተዋል። ማታ መብራት ሲጠፋ ከንፈራቸው ያበራ ነበርና እርስ በርስ ይሳሳቁ ነበር። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ መንጋጋቸው ከውስጥ እየበሰበሰ ሄደ። ክሎቲልድ የተከራየችው ቤት ማድ ቤት ወለል ከሦስት ዓመት በፊት ነጭ ቱታ በለበሱ ሰዎች ተፈንቅሎ ወጥቷል፤ ከጠረጴዛው ሥር ጨረር መለኪያው አላቆም ብሎ ስለጮኸ። እሷ በዚያ ወለል ላይ በባዶ እግሯ ዘጠኝ ዓመት ቆማ ሽንኩርት ልጣለች። ያን ቀን የገባባት ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

መስኮቶቹን በመጋረጃ ጋረደችና ክፍሉን አጨለመች።

የሟቹ ከንፈር አረንጓዴ በራ። ዶክተሩ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ጠረጴዛው ላይ ካለው የሰዓት ገጽ አምስት የተሞሉ ነጥቦችም አበሩ፤ የእነሱ ብርሃን ግን ለስለስና ደብዘዝ ያለ ነው። መጋረጃውን መልሳ ስትገልጥ ነጥቦቹ እንደ ማር ቡናማ ሆነው ታዩ፤ ከንፈሩ ላይ ያለው ግን ያው ነጭ።

«ምን አየሽ?» አለ ዶክተሩ።

«ሁለት ቀለም» አለች።

ሟቹ የለበሰው ሰማያዊ ሹራብ ነው። የሥራ ጋዋኑ በትንሿ ማድ ቤት በር ላይ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ማድ ቤት ውስጥ አንድ ቁራጭ ዳቦ፣ የተከፈተ የማር ብልቃጥ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ደግሞ ተወልውለው የተደረደሩ ስኒዎች አሉ። ዕቃ ማድረቂያው ባዶ ነው።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«ሰማሁ፤ አደጋ ነው አይደል? ነገ ወረቀቱን ዝጊልኝ። ቅዳሜ የቫርኖ ሰዓት ፋብሪካ መቶኛ ዓመት ነው፤ ከዋና ከተማው ከበርን ድረስ እንግዳ ይመጣል። በዚህ ሰሞን ሬዲየም፣ ከንፈር፣ ብሩሽ የሚባል ወሬ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም።»

«ሰውየው ገና አልቀዘቀዘም እኮ።»

«ነገ፣ ክሎቲልድ።»

ስልኩን ኪሷ ከተተች። ጥርሷን የነከሰችው ሳይታወቃት ነው።

አስከሬኑን ያገኘችው የሟቹ የወንድም ልጅ ኖኤሊ ካላም ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከአጎቷ ጋር አሥር ዓመት ሠርታለች። ውርሱም ለእሷ ስለሚሆን፣ ነገሩ አደጋ ካልሆነ የፖሊስ አለቃው መጀመሪያ ጣቱን የሚቀስረው በማን ላይ እንደሆነ ክሎቲልድ ታውቃለች። ልጅቱ ዓይኗ ቢቀላም አላለቀሰችም። ተናዳለች።

«በከንፈሩ አሾለ ነው የምትሉት? አጎቴ?» አለች። «እናቱ በምን እንደሞተች ታውቃላችሁ? ኤዲት ካላም። መጨረሻዋ ላይ አገጯን በሻሽ አስራ ነበር የምትኖረው፤ እንዳይወልቅ። እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ይኸ ሰው ነው ብሩሽ አፉ ውስጥ የሚከተው?»

«ቁጭ በይ፣ ልጄ። ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ከሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ ፖስታ ቤት፣ ከዚያ ዕቃ አቅራቢው ጋ። ብቻዬን ነበርኩ። አዎ፣ ማንም አላየኝም። ጻፉት።»

«አልጽፈውም። አጎትሽ ሻይ የሚጠጣው በስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት ላይ። ቤት ቢቃጠልም አራት ሰዓት ላይ። መጀመሪያ ጋዋኑን ያወልቃል፤ ከዚያ ኮሪደሩ ጋ ያለው ቧንቧ ላይ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጥፍሩን ሳይቀር ይፈትጋል። በጋዋን ማድ ቤት አይገባም፤ ያለ ጋዋን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም። አቧራውን ነው የሚፈራው። እኔን አንድ ቀን ጋዋን ረስቼ ብቀመጥ አንድ ሳምንት አኩርፎኛል።»

«ስኒ የሚወለውለው ማነው?»

ኖኤሊ ወደ ቁምሳጥኑ ዞር አለችና ግንባሯን ቋጠረች። «ማንም። አጥበን ደፍተን ነው የምንተወው።»

ክሎቲልድ ወደ ግድግዳው መደርደሪያ ተመለከተች። ክዳን ያላቸው ትንንሽ የቆርቆሮ ሣጥኖች ቁጥር ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል። ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣ ከዚያ አርባ ሁለት። መሀል ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ ይታያል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ከአሮጌ ገጽ ላይ የፋቅነው ቀለም ነው። እንዳይቦንን በውሃ አርሰን ነው የምንፍቀው፤ ከዚያ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለን እዚህ እናስቀምጣለን። በየስድስት ወሩ የሚመለከተው ክፍል መጥቶ ይወስደዋል።»

«አርባ አንድ የማን ሰዓት ነው?»

«የሙሴ ቫርኖ፤ የፋብሪካው ባለቤት። ለበዓሉ ከፋብሪካው ምድር ቤት ያወጡት ነው። ገጹ እዚያ መያዣው ላይ አለ፤ ተፍቋል፣ ገና በአዲስ ቀለም አልተሞላም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ እሱን ከፋቀ ወዲህ ሦስት ቀን አላናገረኝም። ምን ሆንክ ስለው ‹ቅዳሜ ትሰሚዋለሽ› አለኝ።»

ከምሳ በኋላ የመጣው ኡርስ ኔፍ ነው፤ የአሮጌ ሰዓት ነጋዴ፣ የበርን ሰው፣ ሆዱ ቀድሞት በበሩ የሚገባ። ጠረጴዛው ላይ ያለው በግማሽ የታደሰ ገጽ የእሱ ነው። ከታች ያለው ጎረቤት ከአራት ሰዓት በፊት ሁለት ሰዎች ሲጯጯሁ ሰምቷል፤ ኔፍም አልካደም።

«ጮህን፤ አዎ» አለ። «እሱ ሲያድስ ከገጹ ጀርባ ‹ታድሷል› ብሎ በመርፌ ይጽፋል። እኔ ደግሞ ለአንዱ ገዢ ጀርባውን ሳላሳየው ያልታደሰ ነው ብዬ ሸጥኩለት። አርማን ሰማና እንደ ሌባ ሰደበኝ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ በዚያች የጥርስ እንጨቱ ዓይኔን እንደሚያወጣው ነገረኝ።»

«የምን የጥርስ እንጨት?»

«የሚሞላባት ናታ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ቀለሟን በሹል እንጨት ጫፍ ጠብ፣ ጠብ። ነጥቧ እንደ ዳቦ ኩፍ ብላ ትቀራለች፤ የብሩሽ ጭረት የለባትም። አንድ ገና በዓል ላይ ከጃፓን የመጣ ውድ ብሩሽ ስጦታ ሰጠሁት። ማዳም ኢንስፔክተር፣ በመስኮት ወረወረው። ከበረዶው ውስጥ ፈልጌ ያወጣሁት እኔ ነኝ።» ሊስቅ ጀመረና ሳቁ መሀል ላይ ከዳው። «ብዙም ሳይቆይ እንደሚሞት ባውቅ ይቅርታ እጠይቀው ነበር።»

«ስንት ሰዓት ወጡ?»

«አራት ሊሆን ሩብ ሲቀረው። ‹ሰው እጠብቃለሁ፣ ሂድልኝ› አለኝ።»

ብሌዝ ቫርኖ የተቀበላት በፋብሪካው ቢሮ ነው። ወደ ቢሮው በሚወስደው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አሮጌ ፎቶግራፍ አለ፤ ሃያ ሴቶች በተርታ ተቀምጠው ሁሉም ብሩሻቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል። ሥሩ «የቫርኖ ወርቃማ እጆች» ይላል። ክሎቲልድ ፊቶቹን አንድ በአንድ ተመለከተች። የአንዷም ስም አልተጻፈም።

ቫርኖ ስድሳ የሚሆነው፣ ሸንቃጣ፣ አነጋገሩ ማር ጠብ የሚል ሰው ነው። ጥቁር የሱፍ ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ተጥሏል።

«እንዴት ያሳዝናል፣ ማዳም» አለ። «ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ለአሥር ደቂቃ ጎራ ብዬ ነበር፤ የአያቴ ሰዓት ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ። ከበሩ አላለፍኩም፤ ካፖርቴንም አላወለቅኩም።»

«ምን ይሠራ ነበር?»

«ይቀባ ነበር። ብሩሹን በከንፈሩ ሲያሾል በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ‹ሙሴ ካላም፣ ተው› ብዬዋለሁ። ምን ይደረግ፣ እጅ የለመደውን አይተውም። የእናቱ ልጅ።»

«እናቱን ያውቋታል?»

«ከእኛ ሠራተኞች አንዷ ነበረች ይላሉ። ብዙ ነበሩ።»

«ከእነዚያ በሕይወት ያሉት ሰባቱ ደብዳቤ እንደጻፉልዎት ከተማው ሁሉ ያውቃል። ፋብሪካው ያደረገውን እንዲያምን ብቻ ነው የጠየቁት።»

ቫርኖ ፈገግ አለ። «መልስ ሰጥተናል። የእኛ ቤት በ1961 ሬዲየም አቁሟል። ከዚያ በኋላ የሰጠናቸው ትሪቲየም ነው፤ ሰው አይጎዳም። ገጹ ላይ ሁለት ትንንሽ የቲ ፊደሎች አሉ፤ ማንም ማየት ይችላል። ከዚያ በፊት ለነበረው ደግሞ፣ ማዳም፣ ይላሱት ብሎ ያዘዛቸው የለም።»

ክሎቲልድ ደሟ ፈላ። እጆቿን ጭኗ ላይ አቆላልፋ እስኪሰክን ጠበቀች፤ እንዲህ ካላደረገች ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመስታወት ሽልማት አንስታ እንደምትወረውር ታውቃለች።

«ሰዓቱን ለካላም ያደረሱት እርስዎ ነዎት?»

«ጸሐፊዬ ነች። እኔ ነክቼውም አላውቅ። ግን ቅዳሜ ለትርኢቱ ስለሚያስፈልገኝ፣ ቶሎ ቢመለስልኝ።»

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ካላም ቤት ይምጡ። እዚያው ይረከቡታል።»

ማታ ዶክተር ፔላቶን ደወለላት። ድምፁ ተቀይሯል።

«ሆዱ ውስጥ ሻይና ማር አለ» አለ። «መርዙም ከዚያው ጋር። ያ ሁሉ መርዝ ከብሩሽ ጫፍ ሊመጣ አይችልም። ብሩሹ ላይ ያለው የተነከረ ለመምሰል ያህል ብቻ ነው። ክሎቲልድ፣ ቸኩያለሁ።»

«ነገ ና» አለችው። «ወረቀትህንም ይዘህ።»

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ አራቱም ካላም መሥሪያ ክፍል ተገኙ። ካፖርቶቻቸው በሩ አጠገብ ባሉት ማንጠልጠያዎች ላይ ተሰቀሉ። ኖኤሊ በርጩማዋ ላይ፣ ኔፍ የተለመደች ቦታው ላይ፣ ዶክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ፤ ቫርኖ ግን ለመቆም መረጠ፤ ጉዳይ አለኝ ብሏልና። ክሎቲልድ የካላምን ባለ ጎማ ወንበር ወደ መሀል ጎትታ አመጣች።

«ማንም እንዳይሳሳት ከጋዋኑ እጀምራለሁ» አለች። «አርማን ካላም ያለ ጋዋን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ሲሞት ጋዋኑ ማድ ቤቱ በር ላይ ነበር። ስለዚህ የሞተው ጠረጴዛው ላይ አይደለም፤ ማድ ቤት ውስጥ፣ የአራት ሰዓት ሻዩን ሲጠጣ ነው። ከዚያ በዚህ ወንበር ላይ ተደርጎ እየተገፋ መጣ። ወንበሩ ጎማ አለው፤ ጡንቻ አይጠይቅም።»

«ሻዩን ብቻውን ጠጥቶ ቢሆንስ?» አለ ቫርኖ።

«ብቻውን የጠጣ ሰው ሞቶ ተነሥቶ ስኒ አይወለውልም። በዚህ ቤት ስኒ አጥበው ደፍተው ይተዋሉ። ትናንት ግን ሁሉም ተወልውሎ ቁምሳጥን ገብቷል። አንድ ስኒ ብቻ አጥቦ ቢተው ያስጠረጥራል ብሎ የፈራ እንግዳ ነበር። እንግዳው መርዙን መቼ ጨመረ ብትሉኝ፣ ሰውየው እጁን ሲታጠብ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ጥፍሩን ሲፈትግ። ከመርዝ ለመጠበቅ ሲል የሚያደርገው ነገር መርዝ ለሚያቀርብለት ሰው ጊዜ ሰጠው።»

ኖኤሊ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እንግዳው ከዚያ አደጋ ማስመሰል ፈለገ» ቀጠለች ክሎቲልድ። «ብሩሽ ፈልጎ አገኘ፤ ቀለም በጠበጠ፤ ብሩሹን መርዝ አስነክቶ እጁ ላይ፣ ቀለሙን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ኖኤሊ፣ ያ ብሩሽ ምንድን ነው?»

«መስታወት መጥረጊያ» አለች ኖኤሊ። «ጫፉ የጣቴን ያህል ይሰፋል። በዚያ ነጥብ መሙላት ማለት በመጥረጊያ ፊርማ መፈረም ነው። አጎቴ የሚሞላው በእንጨት ነው።»

«ቀለሙስ?»

«ከንፈሩ ላይ ያለው ነጩ ነው፤ ከብልቃጡ እንደወጣ። እኛ ሁልጊዜ አሮጌ ለማስመሰል ቡናማ ቀላቅለንበት ነው የምንሞላው። የኔፍ ገጽ ላይ ያሉትን እዩዋቸው።»

«እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው» አለች ክሎቲልድ። «ካላም በእንጨት እንጂ በብሩሽ እንደማይሠራ፣ ብሩሽ ከአፉ እንደማያደርስ የማያውቅ ማነው? ኖኤሊ አሥር ዓመት አብራው ሠርታለች። እሷ ብትሆን እንጨቱን ነበር እጁ ላይ የምታደርገው። ሙሴ ኔፍ ውሸታም ነጋዴ ነዎት፤ ይህን ለብቻ እንነጋገርበታለን። ግን አሥራ አንድ ዓመት ያቺን እንጨት አይተዋል፤ ብሩሽዎም በመስኮት ተወርውሮብዎታል። ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችለው ሥራውን ከግድግዳ ፎቶግራፍ ላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ሃያ ሴቶች፣ ሃያ ብሩሾች፣ ሃያ ከንፈሮች።»

ሁሉም ወደ ቫርኖ ዞሩ።

«ይህ ውሃ የማያነሳ ነገር ነው» አለ ቫርኖ፤ ማሩ ከድምፁ ጠፍቷል። «ብሩሹን በከንፈሩ ሲያሾል አይቼዋለሁ አልኳችሁ።»

«አላዩም። ማንም አይቶት የማያውቀውን ነገር እርስዎ ብቻ አየሁ አሉ። እኔም ዓይኔን ወደ እርስዎ የመለስኩት ያኔ ነው። ኖኤሊ፣ ጨረር መለኪያውን አምጪልኝ።»

ኖኤሊ ከመሳቢያ ውስጥ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታክል ቢጫ ሣጥን አወጣች። ክሎቲልድ ካፖርቶቹ ወደተሰቀሉበት መራቻት። ኖኤሊ በመጀመሪያ ወደ ዶክተሩ ካፖርት አስጠጋችው፤ መለኪያው አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል፤ የትም ቦታ እንደሚለው። የኔፍም እንደዚያው። የኖኤሊ ካፖርትም እንደዚያው፤ እንደ አጎቷ ጥንቁቅ ናት። ወደ ጥቁሩ የሱፍ ካፖርት ስትደርስ ድምፁ ፈጠነ። ግራ ኪሱ ላይ ስታደርገው ጠቅታው ተያያዘ፣ ልክ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የበረዶ ጠጠር። ኖኤሊ እዚያው ያዘችው።

«ከበሩ አላለፍኩም ብለዋል» አለች ክሎቲልድ። «ሰዓቱንም ነክቼው አላውቅም ብለዋል። ታዲያ ሬዲየም ኪስዎ ውስጥ ምን ይሠራል? ልንገርዎት። ከመደርደሪያው ላይ አርባ አንድ ቁጥር ሣጥን ጠፍታለች። ከሰዓትዎ ገጽ ላይ የተፋቀው ቀለም ያለባት። እርጥብ ወረቀት ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ያፈሳል። ሣጥኗን የት እንደጣሏት አላውቅም። ኪስዎን ግን መጣል ረሱ።»

«የተፋቀ ቆሻሻ ምን ያደርግልኛል?»

«ገጹ ላይ የቲ ፊደል አለ፤ ትሪቲየም ነው ማለት ነው። በትሪቲየም ይቺ መለኪያ ድምፅ አታሰማም። ካላም ግን የማንኛውንም ገጽ ልኬት ደብተር ላይ ይጽፋል።» ከጠረጴዛው ላይ አንድ ጠባብ ደብተር አነሳችና ገለጠች። «አርባ አንድ፤ ‹ሬዲየም›። ሦስት ጊዜ አስምሮበታል። ፋብሪካዎ አቆምኩ ካለ በኋላ የተረፈውን ሬዲየም በቲ ፊደል ሸፍኖ ለሴቶቹ ሰጥቷል። አያትዎ ያውቁ ነበር። እርስዎ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሰሙት፤ ካላም ራሱ ነገረዎት። ቅዳሜ እናገራለሁ አለዎት፤ ዝርዝሩን ደግሞ ሥራዬን ስጨርስ በሻይ ሰዓት ና ብሎ ቀጠረዎት። ለኔፍ ‹ሰው እጠብቃለሁ› ያለው እርስዎን ነው። ወጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ አሰቡበት። ተመልሰው መጡ። ሰዓቱን እንደ ባለቤት በክብር ይረከቡታል፤ ገጹ ባዶ ነው፤ ማስረጃው ኪስዎ ውስጥ ነው። ካላምም እንደ እናቱ በገዛ ምላሱ ሞተ ተብሎ ይጻፋል። ጅል ሆኖ ይቀበራል፤ ሴቶቹም ከእሱ ጋር።»

ቫርኖ ካፖርቱን አየ። ሲናገር ያለ አንዳች እፍረት፣ በንዴት ነው።

«ሁለት መቶ ሰው እንጀራ የሚበላበት ቤት ነው። ለሰባት አሮጊቶች ብዬ የመቶ ዓመት ስም ላፍርስ? ነገ ከነገ ወዲያ ይሞታሉ እኮ። አርማንን ለመንኩት። ‹ምን ትፈልጋለህ፣ የፈለግከውን ውሰድ› አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ‹ጀርባውን አይተኸዋል?› አለኝ። ጀርባው ምን አለው? ባዶ ብረት ነው።»

«አላዩትም ማለት ነው» አለች ክሎቲልድ።

ጀርባው ላይ ምን እንዳለ እሷም አላወቀችም ነበር። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ መያዣው ላይ ያለውን ገጽ አየችው። አሥራ ሁለት ባዶ ጉድጓዶች፣ ከታች ሁለት የቲ ፊደሎች።

«ኖኤሊ፣ ገልብጪው።»

ኖኤሊ ጓንት አጠለቀች፤ ገጹን በወረንጦ ጠርዙን ይዛ ገለበጠችና አጉሊ መነጽሩን ዓይኗ ላይ አደረገች። ድሮ እያንዳንዷ ቀቢ የፋብሪካው ተቆጣጣሪ የማን ሥራ እንደሆነ እንዲያውቅ ከገጹ ጀርባ የራሷን ምልክት በመርፌ ትጭር ነበር፤ አንዷ መስቀል፣ አንዷ ቅጠል። ልጅቱ ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«የፋብሪካው ማኅተም አለ» አለች በመጨረሻ። «መስከረም 1964።»

«ከሥሩስ?»

«ዓሣ ናት» አለች ኖኤሊ። «የእኛ በር ላይ ያለችው ዓሣ። ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ነግሮኝ አያውቅም።»

ኔፍ ባርኔጣውን አወለቀ። ዶክተር ፔላቶን ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ «አደጋ» የሚለውን ቃል እስኪበሳ ድረስ ሰረዘውና ከሥሩ «ግድያ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ፖሊሶች ቫርኖን ሲወስዱት ካፖርቱን አላስለበሱትም፤ በወፍራም ላስቲክ ታሽጎ ለብቻው ወረደ። በበረዶው ላይ በሸሚዝ ሲሄድ ክሎቲልድ ከመስኮቱ አየችው፤ ምንም አላዘነችለትም።

አለቃዋ ደወለ። አላነሳችም።

«በዓሉ ይሰረዝ ይሆን?» አለች ኖኤሊ።

«አዳራሹ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። እንግዶቹም ተጠርተዋል። ሰባቱ ሴቶች ይመጣሉ፤ እኔ ራሴ ሄጄ አመጣቸዋለሁ።»

ኖኤሊ ገጹን መዳፏ ላይ እንደያዘች ቆየች። ከጠረጴዛው ላይ የአጎቷን ሹል እንጨት አነሳችና ተመለከተችው።

«ነጥቦቹን ልሙላቸው?» አለች። «ሌሊቱን ከሠራሁ ለነገ ይደርሳል።»

«አትሙያቸው» አለች ክሎቲልድ። «እንዲህ ባዶውን፣ በፊቱ ደፍተሽ አስቀምጪው።»

ቅዳሜ ዕለት ገጹ በአዳራሹ መሀል በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ተቀመጠ። ኖኤሊ ቢጫውን መለኪያ ከአጠገቡ አስቀመጠችው። ቀለሙ ተፍቆ አልቋል፤ ጠርዙ ላይ የቀረው ዱካ ግን መለኪያውን ዝም አላሰኘውም። ከሰባቱ ሴቶች ትልቋ፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣ በከዘራ እየተደገፈች ቀረበችና አጎነበሰች።

«የኤዲት ዓሣ ናት» አለች። «ከእኔ ጎን ነበር የምትቀመጠው።»

ከዚያ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ጠቅታውን ሰማ።